ባለቤት የበዛለት ጥሩንባ

ሐረር ውስጥ አሮጌ ዕቃ ወላጅ አጥቶ አያድርም። እግሩ የተሰበረ ወንበር ከተገኘ ራስ መኮንን የተቀመጡበት ነው፤ ክዳኑ የጠፋ ሳጥን ከተገኘ የራምቦ ነው። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ መጀመሪያ ሐረር የገባው በ1873 ዓ.ም. ነው። ቡናና ቆዳ እየነገደ፣ ሲሄድ ሲመለስ ቆይቶ በ1883 ዓ.ም. እግሩን ታሞ በቃሬዛ ወጣ። ዛሬ በስሙ የሚጠራው፣ ጎብኚው ሁሉ ፎቶ የሚነሳበት ባለ ፎቅ ቤት ግን እሱ ከሄደ በኋላ አንድ የህንድ ነጋዴ ያሠራው ነው። ያልኖረበትን ቤት የወረሰ ሰው አንድ ጥሩንባ ቢጨመርለት ምን ይገርማል?

ሊጨመርለት የነበረው ደግሞ የኛ ዕድር ጥሩንባ ነው።

ነገሩ የተነሳው በንብረት ቆጠራ ነው። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ትልልቁ ድስት፣ ጭልፋው፣ የውኃ በርሜሉ ያለ ችግር ተመዘገበ። ጥሩንባው ላይ ሲደረስ የጸሐፊያችን እስክሪብቶ አየር ላይ ቀረ። መዝገቡ «የዕቃው ዓይነት»፣ «ሥሪት»፣ «የተሠራበት ዘመን» የሚሉ ዓምዶች አሉት። ጸሐፊያችን ዕድሜውን ሙሉ በመንግሥት መዝገብ ቤት የሠራ ጡረተኛ ነውና ባዶ ዓምድ ትቶ ማለፍ አይሆንለትም። ድስቱን «ሥሪት፦ የአገር ውስጥ» ብሎ ገላግሎታል። ጥሩንባውን ግን እያገላበጠ ቢያይ፣ መነጽሩን አውልቆ ቢያይ፣ ፀሐይ ላይ አውጥቶ ቢያይ፣ የፋብሪካ ስም የለ፣ ቁጥር የለ፣ የአገር ስም የለ። በወጉ የተሠራ ትራምፔት በሰፊው አፉ ላይ የሠሪው ስም ይቀረጽበታል፤ ቁጥሩም ብዙ ጊዜ ቫልቩ ላይ ይመታል። የኛው ላይ የሚታየው ጭረትና የተጠጋገነ ስብራት ብቻ ነው።

ይህን ጥሩንባ ዕድሩ የገዛው የቀድሞው ተሰንጥቆ የመርዶ ድምፁ እንደ ሳል ሲሆንበት ነበር። ሻጩ ከሶፊ የመጣ ገበሬ ነው። ሶፊ ከከተማው ወጣ ያለ የክልሉ ገጠር ወረዳ ነው፤ ኦቾሎኒ የዘራ ሰው ደግሞ ከርከሮን ያውቃል። ሰውየው ዕቃውን ለቆራሌው ሊሸጥ ይዞት ሲመጣ ጥሩንባ ነፊያችን መንገድ ላይ አገኘው። ቆራሌው ሚዛን ላይ ሰቅሎ በናስ ዋጋ እያሰላ ነበር። ዛሬም ቢሆን ከሁሉ ይልቅ የተጣራ ግምት የሰጠው እሱ ነው እላለሁ፤ ስንት ኪሎ እንደሆነ ተናግሯል፣ ሌላ ምንም አልጨመረም። ገበሬውም ስለ ዕቃው ሲጠየቅ፣ «አባቴ ሌሊት ማሳ ሲጠብቅ ከርከሮ ያባርርበት ነበር፤ ከዚያ በፊት የማን እንደነበር አላውቅም» አለ። ከዚያን ቀን ወዲህ ስለዚህ ጥሩንባ «አላውቅም» ያለ ሰው ሐረር ውስጥ አልገጠመኝም።

ሦስት የሚሽከረከሩ ቫልቮች አሉት፤ ሦስቱም ደርቀዋል። ጥሩንባ ነፊያችን ይህን እንደ ጉድለት አይቆጥረውም። ንጋት ላይ ወጥቶ ያችኑ አንድ ድምፅ ረዘም አድርጎ ይነፋታል፤ ከዚያ የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት ይጮኻል። አንድ ጊዜ ስለ ቫልቮቹ ጥቅም ላስረዳው ሞክሬ ነበር። እነዚህ ሦስት ነገሮች ቢሠሩ ሙሉ ዜማ መጫወት እንደሚቻል ነገርኩት። «ለቀብር ዜማ ምን ያደርጋል?» ብሎ ዝም አሰኘኝ።

ጉዳዩ ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ ቀረበ። በርጫን፣ ማለትም የጫት መቃሚያውን ጉባኤ፣ የማያውቅ አንባቢ ካለ ልንገረው፤ ስምንት ሰዓት ላይ በጥርጣሬ የተወረወረ ሐሳብ፣ አሥር ሰዓት ላይ ምርቃናው ሲገባ ታሪክ ይሆናል። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ማስረጃ አምጣ የሚል ሰው ባለጌ ነው።

የመጀመሪያው ተናጋሪ ጥሩንባውን በቀጥታ ለአሚር ኑር ሰጠ። የከተማው ግንብ ጁገል ሲገነባ ድንጋይ ተሸካሚው ይጠራበት ነበር አለ። አሚር ኑር የሞቱት እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1567 ነው። የዚህ ዓይነቱ የሚሽከረከር ቫልቭ ቪየና ላይ የተፈለሰፈው በ1835 ነው። መሐሉ ላይ ሁለት መቶ ስልሳ ስምንት ዓመት አለ። ይህን ስናገር ሰውየው «አቦ፣ ቫልቩ በኋላ ተገጥሞለት ይሆናል» ብሎ ጫቱን ጀባ አለኝ። ተቀበልኩ፤ ክርክሩንም ተውኩ።

ሁለተኛው የተሻለ ነገር ይዞ መጣ፤ ግብፆችን። ይሄ እንኳ በዋዛ የሚታለፍ አይደለም። የራኡፍ ፓሻ ጦር ሐረርን የያዘው በ1868 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ነው፤ ግብፆቹ ዐሥር ዓመት ገደማ ተቀምጠው በ1877 ዓ.ም. ወጡ። ራምቦ ራሱ ከተማዋን ያያት በነሱ ዘመን ነው። የነገሩ ዋና ፍሬ ደግሞ ሌላ ነው፤ የሐረሪ ዜማ ከረቡ በሚሉት ከበሮና ከበል በሚሉት የእንጨት ማጨብጨቢያ የሚሄድ ነው፤ ናስ የሚነፋ የለበትም። ስለዚህ እንዲህ ያለ ጥሩንባ ወደዚህ አገር ከመጣ ከወታደር ጋር ነው የመጣው። ጥያቄው የትኛው ወታደር ነው የሚል ብቻ ነው፤ የወታደር ችግር ደግሞ ሐረር ኖሮባት አያውቅም።

እዚህ ላይ በሦስተኛ ክፍለ ጦር ያገለገሉት መቶ አለቃ ተመቻችተው ተቀመጡ። የክፍለ ጦሩ ጠቅላይ ሠፈር ሐረር ነበርና ስለ ጥሩንባ ሲወራ እሳቸውን መዝለል አይቻልም። «ስሙኝ ልጆቼ» አሉ፣ «የሠፈር ጥሩንባ ቫልቭ የለውም። ለተነሥ፣ ለተሰለፍ፣ ለምሳ፣ ለመኝታ አምስት ድምፅ ይበቃል፤ ያንን በከንፈርህ ነው የምታወጣው። ቫልቭ ያለው የሙዚቃ ክፍል ዕቃ ነው። ይሄ ሰው ከእንቅልፍ አልቀሰቀሰም፤ ሰልፍ ፊት ነው የሄደው።»

ልክ ናቸው። ቡግል የሚሉት የወታደር መጥሪያ ቱቦ ብቻ ነው። የእንግሊዙ ብዙውን ጊዜ የመዳብ ሆኖ ሁለቴ የታጠፈ አጭር ነው፤ የፈረንሳዩ አንዴ ብቻ ታጥፎ ዘለግ ይላል። የግብፅ ጦር ደግሞ ቀድሞ በፈረንሳይ መኮንኖች የሠለጠነ ነው። የኛው ዕቃ ከነዚህ አንዱንም አይመስልም። ግብፆቹ በዚሁ ተሰናበቱ። ሐሳቡን ያመጣው ሰው ግን እስከ ዛሬ አኩርፏል።

ከመቶ አለቃ ቀጥሎ አንድ ወጣት አስጎብኚ «የራምቦ ነው» አለ። ራምቦ ለቤተሰቡ ደብዳቤ እየጻፈ የእጅ ሙያ መጻሕፍት፣ የመለኪያ መሣሪያ፣ ካሜራም ሳይቀር ማስመጣቱ እውነት ነው። «ካሜራ ያስመጣ ሰው ጥሩንባ ለምን አያስመጣም?» ሲል ጠየቀ። እንዲህ ከሆነ እኔም ማቀዝቀዣ አለኝና አውሮፕላን ሊኖረኝ ይገባል። ልጁ ግን የሚናገረው ለእንጀራው ነው፤ አልፈርድበትም።

ከባዱ ሙግት የሩሲያው ነው። ከዓድዋ ድል በኋላ ንጉሠ ነገሥት ኒኮላስ 2ኛ ለአፄ ምኒልክ የናስ የሙዚቃ መሣሪያዎች በስጦታ ልከዋል፤ በአገራችን የማርሽ ባንድ ታሪክ ሲነገር ከዚያ ነው የሚጀመረው። ራስ መኮንን ያኔ የሐረር ገዥ ናቸው። በዚያ ዘመን ከባሕር የመጣ የመንግሥት ዕቃ ብዙው በሐረር በኩል ነበር የሚያልፈው። የሚሽከረከር ቫልቭም በመካከለኛውና በምሥራቅ አውሮፓ የተለመደ ነው፤ ፈረንሳይና እንግሊዝ ግን ወደ ታች የሚጫነውን ፒስተን ይወዳሉ። ሁሉም ነገር ሲገጣጠም ጸሐፊያችን «የሩሲያ ንጉሥ» ብሎ ሊጽፍ እጁ ተንቀጠቀጠ። ጥሩንባ ነፊያችንም ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ አቀማመጡን አሳመረ።

እዚያው አጠገቡ ያለው ሰው አሳነሰበት። «አርመኖቹስ?» አለ። ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው «አርባ ልጆች» የተባሉት ወላጅ አልባ አርመኖች በ1916 ዓ.ም. ማብቂያ ከመምህራቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር አዲስ አበባ ገብተው የቤተ መንግሥቱ ማርሽ ባንድ ሆነዋል። የመጡት በባቡር ነው፤ ባቡሩ ደግሞ ድሬዳዋ ይቆማል። እንደ ሰውየው አባባል አንደኛው ልጅ ድሬዳዋ ላይ ወርዶ ሙዝ ሲገዛ ጥሩንባውን ረስቶታል። የሙዙን ነገር ማን እንደነገረው ብንጠይቀው «ድሬዳዋ ወርዶ ሙዝ የማይገዛ አለ እንዴ?» አለ። ለዚህም መልስ አልተገኘለትም።

እኔ በበኩሌ ዕቃውን ይዤ መኪና ግርግር ወረድኩ። ከፈረስ መጋላ ወደ ግድር መጋላ የሚወርደው ያ ጠባብ መንገድ ስሙን ያገኘው ከልብስ ስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ነው፤ ልብስ ሰፊዎቹ ደጅ ላይ ተደርድረው ይሰፋሉ። እኔ የፈለግኩት የልብስ ሰፊ ሜትር ነው። የነፋስ መሣሪያ ማንነቱ ያለው በቱቦው ርዝመት ነው፤ ቱቦው በረዘመ ቁጥር ድምፁ ይወፍራል። ጥምዝምዙን ተከትሎ የሚታጠፍ ሜትር ደግሞ ልብስ ሰፊ ጋ ብቻ ነው የሚገኘው። ሰውየው ጥሩንባውን ጭኑ ላይ አስተኝቶ፣ ከመንፊያው ጀምሮ በየመታጠፊያው በአውራ ጣቱ እየያዘ፣ እስከ ሰፊው አፍ ለካው። የሜትሩ ርዝመት 150 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ጥቂት ጣት ሲተርፈው አለቀ። «ሱሪ ነው ኮት?» ብሎ የጠየቀኝን ለቁም ነገር አልቆጥርበትም።

ከአንድ ሜትር ተኩል ትንሽ ያነሰ ቱቦ ቢ ፍላት የሚሉት መሣሪያ ነው፤ የተለመደው ትራምፔት ርዝመትም ይኸው ነው። ልዩነቱ ውፍረቱ ላይ ነው። የትራምፔት ቱቦ ብዙውን መንገድ በአንድ ውፍረት ሄዶ መጨረሻው ላይ ነው የሚከፈተው። የኛው ከመንፊያው ጀምሮ ቀስ በቀስ እየሰፋ ይሄዳል። እንዲህ ያለውን ጀርመኖቹ ፍሉግልሆርን፣ ጣሊያኖቹ ፍሊኮርኖ ይሉታል፤ ድምፁ ከትራምፔት ይለዝባል። መርዶው ጆሯችንን ሳይወጋ ልባችንን የሚመታው ለካ ለዚህ ኖሯል። ከአሮጌ ራዲዮ ድምፅ ማጉያ የወጣ ማግኔት አስጠጋሁበት፤ አልያዘውም፤ ናስ ነው፣ የተቀባ ብረት አይደለም። አንድ ጎረምሳ በስልኩ የድምፅ መለኪያ ሊፈትነው ፈለገ። የዛሬው የድምፅ ልክ፣ ላ 440 የሚባለው፣ ዓለም አቀፍ ስምምነት ያገኘው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1939 ሎንዶን ላይ ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የተሠሩ ብዙ የባንድ መሣሪያዎች ከፍ ብለው ይጮኻሉ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። የኛ ጥሩንባ መንፊያ ግን ከበሬ ቀንድ የተጠረበ፣ የሶፊ እጅ ሥራ ነው። በሰው አፍ የሚናገር ምስክር ስለ ራሱ ድምፅ አይጠየቅም።

መኪና ግርግር ላይ የተሰበሰበው ሰው መሐል «ሳክስፎን ነው» ያለም ነበር። ጌታቸው መኩሪያ ፉከራ ያሰማበት ሳክስፎን ገላው ናስ ቢሆንም የሚነፋው በሸምበቆ ምላስ ስለሆነ ባለሙያዎቹ ከእንጨት የትንፋሽ መሣሪያዎች ወገን ነው የሚቆጥሩት። ይህን ስናገር ሰውየው የተሳደብኩ ያህል አየኝ።

ትልቁ ግኝት የመጣው በሎሚ ነው። የጥሩንባ ነፊያችን ልጅ ዕቃው ለክብር እንዲበቃ በሎሚና በአመድ ሊያሸው ጀመረ። ደግነቱ ከጣት መጫኛዎቹ ሳያልፍ አስቆምነው። ሁለቱ መጫኛዎች ለስላሳ ክብ ናስ ናቸው። ሦስተኛው ላይ፣ ጥቁረቱ ሲለቅ፣ ዙሪያውን የፊደል ርዝራዥ ብቅ አለና ከስሩ አንድ ቁጥር ተነበበ፦ 36።

ያን ዕለት በርጫው ሁለት ተከፈለ። አንዱ ወገን 1936 የፈረንጅ ነው አለ፤ ይህም ማለት 1928 ዓ.ም.፣ ጣሊያን በሚያዝያ መጨረሻ ሐረር የገባበት ዓመት። ሌላው ወገን የለም፣ 1936 ዓ.ም. ነው፣ ንጉሡ ከተመለሱ በኋላ ነው አለ። ጸሐፊው ስምንት ዓመት እየደመረና እየቀነሰ ዓምዱን አበላሸ። አንዲት እናት ደግሞ የዕድሩ አባል ቁጥር 36 ሟች ባለቤታቸው መሆናቸውን አስታውሰው አለቀሱ፤ እሳቸውን ለማጽናናት ክርክሩ ለጊዜው ቆመ።

መቶ አለቃ ጥሩንባውን ተቀብለው ዓይናቸው ሥር አስጠጉት። የተጠቀሰው መጫኛ መሐሉ ላይ ትንሽ ክብ ጉድጓድ አለው፤ እኛ ሁላችን ጣት እንዳይንሸራተት ተብሎ የተሠራ መስሎን ነበር። እሳቸው ጥፍራቸውን ጉድጓዱ ውስጥ ከተቱና ሳቁ። «ይሄ የጥይት ቀለህ ቂጥ ነው» አሉ። «ተተኩሷል። መርፌው የመታበት ይኸው።»

የጠፋውን መጫኛ የተካ አንድ ብልህ አንጥረኛ ቀለህ ከስሩ ቆርጦ በያጅ ኖሯል። ብልህ የምለው በከንቱ አይደለም፤ የጥይት ቀለህ የሚሠራው 70 እጅ መዳብና 30 እጅ ዚንክ ካለው ናስ ነው፤ ለሙዚቃ መሣሪያ ከሚመረጡት ናሶች አንዱም ይኸው ነው። ከጥሩንባው ገላ ጋር ሲዋሃድ ማንም አላወቀበትም። እናም በዚህ ስም አልባ ዕቃ ላይ የተገኘችው አንዲት ጽሑፍ የጥሩንባው አይደለችም፤ የጥይት ናት።

የጣሊያን ወገን የሆኑት ግን ድል ያደረጉ መሰላቸው። «ጥይቱ የጣሊያን ከሆነ ጥሩንባውም የጣሊያን ነዋ!» አሉ። አይከተልም። 36 የሚለው የፈረንጅ ዓመት ቢሆን እንኳ የሚነግረን መጫኛው ከዚያ ዓመት በፊት እንዳልተበየደ ብቻ ነው፤ ከሃያ ዓመት በኋላ ተበይዶም ሊሆን ይችላል። ሐረርጌ ውስጥ ቀለህ ከመሬት የሚለቀም ነገር ነበር። ጥሩንባው ራሱ ያኔ ያረጀ፣ መጫኛው እስኪወልቅ የተነፋ ነው። ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. መጋቢት ከሐረር ሲወጣ ጥሎት ሄዶ ይሆናል፤ ሲገባም አግኝቶት ይሆናል።

አንድ የጁገል ሽማግሌ ሸሪፍ ሙዚየም ወስዳችሁ አሳዩት ብለው መከሩን። አብዱላሂ አሊ ሸሪፍ በራስ ተፈሪ ቤት ያቋቋሙት ያ ሙዚየም የከተማውን መጻሕፍት፣ ጌጣጌጥና ሳንቲም ከየቤቱ ያሰባሰበ ነውና ምክሩ ደግ ነበር። ጥሩንባ ነፊያችን ግን ዕቃውን ጋቢው ሥር አስገብቶ፣ «ሙዚየም ከገባ ሞታችሁን ማን ይነግርላችኋል?» አለ። ጉባኤው በሙሉ ድምፅ ሐሳቡን ውድቅ አደረገ።

የኔ ፍርድ ይኸውና። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ፣ በጀርመኗ ማርክኖይኪርሽንና ከድንበሩ ማዶ ባለችው በዛሬዋ ቼክ ግራስሊትስ ያሉ ትንንሽ የእጅ ባለሙያዎች ለግማሽ ዓለም የሙዚቃ መሣሪያ ይሠሩ ነበር። ብዙውን ያለ ስም ነው ለነጋዴ የሚያስረክቡት፤ ስም የሚያስቀርጸው ነጋዴው ነው፤ ቸኩሎ ከሆነ ሳያስቀርጽ ይሸጣል። የሚሽከረከር ቫልቭ፣ እየሰፋ የሚሄድ ቱቦ፣ ስም የሌለው ገላ፣ ሦስቱ አንድ ላይ ሲገኙ መጀመሪያ ወደዚያ ነው ማየት። እንዲህ ያለውን ሩሲያ ገዝቶ ሊልክ፣ አርመን ሊነፋው፣ ጣሊያን ሊሰለፍበት ይችላል። ናስ ዓይነቱን ይናገራል፤ ማን እንደነፋው ግን ለሚዛንም ለሜትርም አይናገርም። በርጫ ላይ ይህን ሳቀርብ ሰው ሁሉ በትዕግሥት አዳመጠኝ፤ ስጨርስ አስጎብኚው «ስለዚህ የራምቦ ሊሆን ይችላል ማለት ነው» አለ።

ጸሐፊያችን ሦስት ቀን አስቦ ዓምዶቹን ሞላ። ዓይነት፦ ጥሩንባ። ሥሪት፦ ስም የለሽ፣ ጥገናው ሶፊና ሐረር። ዘመን፦ ከቀለሁ ይበልጣል።

አሁን የቀረን አንድ ጉዳይ ነው። በየቤታችሁ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የድሮ ጥሩንባ ያላችሁ ሰዎች፣ ሎሚና አመድ ከማስነካታችሁ በፊት በአግድም መብራት እዩት፤ ስሱ ጽሑፍ ከታሸ በኋላ አይመለስም። ቆራሌው ደጃችሁ ሲጮኽም አትቸኩሉ። የደረቀ ቫልቭ በዘይትና በትዕግሥት የሚያላቅቅ ባለሙያ የምታውቁ ካላችሁ ደግሞ ወደ ዕድራችን ላኩልን፤ መዶሻ ይዞ እንዳይመጣ ብቻ ንገሩት።